“ለዚህ ዕድሜ ምን ያደርጋል?” ከማለታችን በፊት

በሰፈራችን መስጂድ ለተራዊሕ ሶላት ከኋላ ሰልፍ የሚደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ከዓመት ዓመት እየበዙ ነው። በልጅነቴ አንድ ወይም ሁለት ነበሩ። ዘንድሮ በመጀመሪያው ሌሊት በወንዶቹ በኩል ብቻ አሥራ አራት ቆጠርኩ። ሰልፉ ሱጁድ ሲወርድ ወንበር ላይ ያሉት አባቶች ባሉበት ሆነው ጎንበስ ይላሉ። ሶላቱ ሲያበቃ የልጅ ልጅ መጥቶ በብብታቸው ደግፎ ያነሣቸዋል።

ወንበር ላይ መስገዳቸው ጉድለት አይደለም። ዲናችን መቆም ላልቻለ መቀመጥን፣ መቀመጥ ላልቻለ በጎኑ መተኛትን ፈቅዷል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከእነዚህ አባቶችና እናቶች መካከል ጉልበታቸው ወይም ዳሌያቸው በቀዶ ጥገና ሊታከም እንደሚችል የተነገራቸው ስንቶቹ ናቸው? ስንቶቹስ ናቸው ሳይጠየቁ፣ በእኛ በልጆቻቸው አፍ፣ “ለዚህ ዕድሜ ምን ያደርጋል?” ተብሎ የተወሰነባቸው?

ይህን የምጠይቀው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ያቺን ቃል እኔም ብያታለሁ።

የአባቴ ታላቅ እህት የ88 ዓመት ሴት ነበረች። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ለዐስር ሶላት ውዱእ ልታደርግ ወጥታ ግቢ ውስጥ አዳልጧት ወደቀች። መነሣት አቃታት። አንደኛው እግሯ ከሌላው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር። ወጌሻ ተጠራ፤ አሽቶ፣ አስሮ ሄደ። በአራተኛው ቀን ከተማ ወስደን ራጅ ስትነሣ የጭን አጥንቷ አንገት መሰበሩ ታየ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ጥገና እንዲደረግላት ነገረን። ቤተሰቡ ተሰበሰበ። “በ88 ዓመቷ በቢላዋ ከምትቆረጥ ቤቷ በሰላም ትረፍ” አልን። “አልን” የምለው እኔም ስለነበርኩበት ነው። እሷ ግድግዳው ማዶ ተኝታ ነበር። ገብቶ የጠየቃት የለም።

በሰላም ግን አላረፈችም። ልብሷን ለመቀየር ባገላበጥናት ቁጥር የምታሰማው ጩኸት ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጀርባዋ ቆሰለ። ከዚያ የሳንባ ምች ያዛት። በረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ ወደ አኺራ ሄደች። አጀሏ እንደነበር አምናለሁ። እነዚያን ሳምንታት በዚያ ስቃይ እንድታሳልፍ የወሰንነው ግን እኛ ነን። ይህን በአጀል ላሳብብ አልችልም።

ስብራት አንድ፣ ማርጀት ሌላ

በኋላ ቆይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ አድርገን ማየታችን ነው። አንደኛው ወድቆ የተሰበረ ዳሌ ነው። ሁለተኛው ለዓመታት እያለቀ የመጣ የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። በሁለቱም ሐኪሙ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሊያስገባ ይችላል። ጥያቄያቸው ግን አንድ አይደለም።

የጭን አጥንት አንገት ተሰብሮ ቦታውን ሲለቅ በአረጋውያን ላይ ራሱን ጠግኖ ይድናል ተብሎ አይጠበቅም፤ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም በስብራቱ ይቋረጣል። በማሸትና በማሰር የሚመለስ ነገር የለም። ስለዚህ ሐኪሞች የተሰበረውን የአጥንት ራስ አውጥተው በብረት ይተኩታል። በብዙ አገሮች ያሉ የሕክምና መመሪያዎች ይህ ሆስፒታል በገቡበት ቀን ወይም በማግስቱ እንዲደረግ ይመክራሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አረጋዊ ሰው አልጋ ላይ በቆየ ቁጥር ቆዳው ይቆስላል፣ ሳንባው ይታፈናል፣ በእግሩ ደም ይረጋል፣ ጡንቻው ይሟሟል። ቀዶ ጥገናው አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ጥሩ ሕክምና ባለባቸው አገሮች እንኳ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአራቱ አንዱ ገደማ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። ሆኖም አለመቀደድ ከዚህ አያድንም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያብሰዋል። ጥቂት ቀን ብቻ የቀረው በሽተኛ ቢሆን እንኳ ሐኪሞች ሕመሙን ለማስታገስና ለማገላበጥ እንዲመች ሲሉ የሚቀድዱበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ እኛ ለአክስታችን የመረጥንላት “ሰላም” የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም። ለዚህ ነው ዳሌ ሲሰበር ዕድሜን መቁጠር ትክክል አይደለም የምለው። የሚቆጠረው ሰዓት ነው።

የእንግሊዟ ንግሥት የዳግማዊት ኤልሳቤጥ እናት እ.ኤ.አ. በ1995 አንዱ ዳሌያቸው ሲቀየር 95 ዓመታቸው ነበር። በ1998 ወድቀው ሌላኛው ተሰበረና እሱም በ97 ዓመታቸው ተቀየረ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረው በ101 ዓመታቸው አረፉ። የቤተ መንግሥት ሐኪም ለሁሉ አይገኝም፤ ለእኛ እናቶች ከእሳቸው ጋር የሚወዳደር እንክብካቤ አለ አልልም። ቁጥሩ ብቻውን በር እንደማይዘጋ ግን ያሳያል።

እናቴን ማን ጠየቃት?

ሁለተኛው ጉዳይ ከበድ ይላል፤ እዚህ ጋ ምርጫ አለና። በመገጣጠሚያው ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት ከዓመታት በኋላ ያልቅና አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ሌሊት ይቆረጥማል፣ ደረጃ ያስፈራል፣ ከዝቅተኛ በርጩማ መነሣት ጭንቅ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ብረትን ከጠንካራ ፕላስቲክ ጋር አገናኝቶ የዘመናዊውን የዳሌ ቅየራ መንገድ ከከፈተ ወዲህ ሚሊዮኖች በዚህ ሕክምና እፎይ ብለዋል። የጉልበት ቅየራም ተከትሎ መጣ። “ዕቃው ያልቅባታል” የሚለው ስጋትም ለአረጋዊ ሰው እምብዛም አይሠራም። ከተቀየሩ ጉልበቶች ከአሥሩ ስምንቱ ያህል 25 ዓመት ያገለግላሉ።

ባለፈው ዓመት እናቴ 86 ዓመቷ ነበር። ሁለቱም ጉልበቶቿ ወደ ውጭ ጎብጠዋል። ረመዳን በገባ በአምስተኛው ቀን ቤተሰቡ ለኢፍጣር ደሴ ቤቷ ተሰበሰበ። ጅዳ ያለችው እህቴ በስልክ፣ “ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ ባንኮክ ትሂድ፤ ዛሬ ነገ አትበሉ” ትላለች። ታላቅ ወንድሜ፣ “በስተርጅና ሰላሟን አትንሷት” ይላል። እናቴ ሾርባዋን ፉት እያለች ታዳምጣለች። አክስቴ ትዝ አለችኝና፣ “እማ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?” አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። “እኔማ እስካሁን የምታወሩት ስለ ሌላ ሰው መስሎኝ” አለች።

ማናችንም አልሳቅንም። እህቴ “ትታከም” ስትል፣ ወንድሜ “ትተው” ሲል፣ ሁለቱም ከፍቅር ነው። አንደኛዋ በገንዘቧ፣ ሌላው በስጋቱ እናታችንን ከጉዳዩ አውጥተዋት ነበር።

ከዒድ በኋላ አዲስ አበባ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ሕመሙ አልነበረም። “ዶክተር፣ ከተቀየረ በኋላ ሱጁድ እወርዳለሁ?” አለችው።

ሐኪሙን ያከበርኩት በመልሱ ነው። “እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አይመስለኝም” አላት።

ይህን እያንዳንዱ ሙስሊም ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ለተሸሁድ ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ጉልበት 150 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት። የተቀየረ ጉልበት ብዙውን ጊዜ የሚታጠፈው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ነው። ለወንበር፣ ለደረጃ፣ ለመንገድ ይበቃል፤ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ለመቀመጥ ይጎድላል። የበለጠ እንዲታጠፉ ታስበው የተሠሩ ዓይነቶችም ያመጡት ልዩነት ትንሽ ነው። ቀድሞ በደንብ ይታጠፍላቸው የነበሩ አንዳንድ ሰዎች በኋላም ተንበርክከው ሰግደዋል፤ ይህ ግን ቃል የሚገባበት ነገር አይደለም። ዳሌ የተቀየረ ሰውም ቢሆን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከወገቡ በጣም እንዳይጎነበስ፣ እግሩን እንዳያጠላልፍ፣ መሬት ላይ እንዳይቀመጥ ይነገረዋል፤ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላልና። “ቀይሪና እንደ ድሮሽ ትሰግጃለሽ” ብሎ እናትን ወደ ቀዶ ጥገና መላክ ማታለል ነው።

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ “ሱጁዱንስ ጌታዬ በወንበሬም ይቀበለኛል። እኔን የከበደኝ ሌሊት ለውዱእ ስነሣ ይቺን ልጅ ከእንቅልፏ መቀስቀሴ ነው። በእግሬ ሄጄ ልመለስ እንጂ ሌላ አልፈልግም።”

ከእኛ ከልጆቿ መካከል ይህን የገመተ አልነበረም። እኛ ስለ ዕድሜዋ ስንከራከር እሷ የምታስበው ስለ አሥራ አምስት እርምጃ መንገድ ነበር።

የሚባለውና የማይባለው

ስለ አደጋውም ሳይሸፋፈን ተነገራት። በአጠቃላይ ሲታይ ከታቀደ የመገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት የሚሞተው ሰው ከመቶ አንድ አይሞላም፤ ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ ከ90 ሲያልፍ፣ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ደም ሊረጋ፣ ልብ ሊደክም ይችላል። ጉልበታቸው ከተቀየረ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል እንደጠበቀው አላገኘሁትም ይላል። ከሁሉም በላይ ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ደግሞ የአእምሮ መደናገር ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ብዙ አረጋውያን ለጥቂት ቀናት ያሉበትን ቦታና ሰዓት ይስታሉ።

እናቴም ሁለት ሌሊት ሟች እህቷን ስትጠራ አደረች። ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰችልን፤ ሁሉም ግን እንዲህ ቶሎ አይመለስም። ከዚያ ፊዚዮቴራፒው ቀጠለ፤ አራት ወር ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ሠራችው። ቤት የሚያግዛት ሰው ባይኖር ኖሮ ብረቱ ብቻውን ምንም አይፈይድም ነበር።

ዘንድሮ ለሱሑር ከሁሉም ቀድማ ትነሣለች። ከዘራዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ሄዳ ትመለሳለች። የምትሰግደው ወንበር ላይ ነው። ያልተቀየረው ጉልበቷ አሁንም ያማታል። እሱም ይቀየር ወይ ስንላት፣ “አንዱ ይበቃኛል” ትላለች። በቃ፤ ይበቃታል።

ጎረቤታችን ያሉ የ91 ዓመት አባት ደግሞ ተቃራኒውን መረጡ። ልባቸውና ኩላሊታቸው ደክሟል። ሐኪሙ ሊደረግ የሚችለውንና ሊያጋጥም የሚችለውን አስረዳቸው። “ከአልጋዬ እስከ በረንዳዬ ካደረሰኝ ይበቃኛል” ብለው ተዉት። ልጆቻቸው ውሳኔያቸውን አክብረው ሌላ ነገር አደረጉላቸው። የመጸዳጃውን መቀመጫ ከፍ አደረጉ፣ ግድግዳው ላይ የሚይዙት ብረት አስተከሉ፣ የሚያንሸራትተውን ምንጣፍ አነሡ፣ በቁመታቸው ልክ ከዘራ አሠሩ፣ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የሚያሠራ ባለሙያ በሳምንት አንድ ቀን አመጡ። ይህም ሕክምና ነው። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ዓመታት ይኖራል።

እናቴም ልክ ናት፤ እሳቸውም ልክ ናቸው። ሁለቱንም ትክክል ያደረጋቸው መጠየቃቸው ነው። አቋሜ ይኸው ነው፤ ቀዶ ጥገናው ለሁሉም አረጋዊ ይደረግ አልልም። ለሁሉም ግን ይነገር፣ ይቅረብ፣ ውሳኔው የራሳቸው ይሁን።

የመተው ዋጋ

“መተው ይሻላል” የሚሉ ሰዎች መተው ዋጋ የሌለው ይመስላቸዋል። በየቤቱ የአረጋውያንን ትራስ ስር እንይ። ዲክሎፌናክ አናጣም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲወሰድ ጨጓራ ያደማል፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊት ይጎዳል። በረመዳን ደግሞ ውሃ ሳይጠጣ በዋለ ሰውነት ላይ አደጋው ይበረታል። ብዙ እናቶች መጾም እንደማይጠበቅባቸው፣ ፊድያ እንደሚበቃቸው ቢነገራቸውም ሕመማቸውን ደብቀው ይጾማሉ። በዚህ ወር ልጆች ቢያንስ አንድ ነገር ያድርጉ፤ እናታቸው የምትውጠውን ኪኒን ለሐኪም ያሳዩ።

የገንዘቡን ነገር የሚያነሡም አሉ፤ ልክ ናቸው። የሚገባው ብረት ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ያሉት አዲስ አበባ ነው። “ይህ ገንዘብ ለልጅ ልጅ ትምህርት አይሻልም ወይ?” ብለው ራሳቸው አያቶቹ የሚጠይቁ አሉ። አውቀው፣ ወጪውንም ሰምተው፣ ለልጆቻቸው ሲሉ ቢተዉት መብታቸው ነው። እኛ ግን የእነሱን ስም ጠርተን ለራሳችን ኪስ ስንል ብንተወው አማና ማጉደል ነው። ወረፋ መያዝ ካለበትም በልደት ዓመት ሳይሆን በሕመሙ ብርታትና በሚገኘው ጥቅም ይያዝ። ጠንካራ ልብ ያለው የ85 ዓመት ሰው ስኳር ካደከመው የ65 ዓመት ሰው የተሻለ ሊያገግም ይችላል።

“አላህ የወሰነው ይሆናል” የሚለውንም እንደ መሸሻ አንጠቀምበት። መድኃኒት መፈለግ ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ዑለማዎቻችን ሁልጊዜ ያስተምሩናል። ለራሳችን ጥርስ ሐኪም ጋ የምንሮጥ ሰዎች የእናታችን ዳሌ ላይ ስንደርስ ብቻ ተወኩል ትዝ ሊለን አይገባም።

የመርሳት ችግር ገብቶባቸው ራሳቸው መወሰን የማይችሉ ወላጆችም አሉ። ያኔ ጥያቄው “እኛ ምን ይሻለናል?” አይደለም። “እሱ አእምሮው ሙሉ በነበረበት ጊዜ ምን ይመርጥ ነበር?” የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ደግሞ ሳይረፍድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ብትችሉ አረጋዊውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስለ እሳቸው ብቻችሁን አታውሩ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ያልተሞከረ ነገር እንዳለ ጠይቁ። ባይደረግ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። ልብ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ደም ማነስ ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ሌሊት ማን እንደሚነሣ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ይህን መመለስ ካቃታችሁ ገንዘቡ ቢሞላም አልተዘጋጃችሁም።

ለዒድ ከየከተማው፣ ከየስደቱ ቤተሰብ ይሰበሰባል። ሁሉም ልጅ በአንድ ማዕድ የሚገኝበት ቀን በዓመት ከአንድ ሁለቴ አይበልጥም። በዚያ ቀን ስለ እናታችሁ ጉልበት ስትወያዩ እናታችሁ የት እንደተቀመጠች ተመልከቱ። ሾርባዋን እየጠጣች የምታዳምጥ ከሆነ ንግግራችሁን ገታ አድርጉና ወደ እሷ ዙሩ።

አክስቴን ዛሬ ልጠይቃት አልችልም። በየሌሊቱ ከዊትር በኋላ ዱዓ አደርግላታለሁ። የእናንተ ግን ምናልባት አሁንም ግድግዳው ማዶ ናት።